የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር ዘይት፦ መጠኑ፣ የመቀየሪያ ጊዜውና አውሮፕላኑ ሲቆም የሚደረግለት ጥንቃቄ

ሰማያዊ አድማስ፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በጋራ የያዝነው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ላይኮሚንግ ኦ-360 ሞተር ተገጥሞለታል። ሞተሩ ያለ እንከን ይሠራል፤ በዘይቱ አያያዝ ላይ ግን ሦስታችን መስማማት አልቻልንም። አንደኛው ባልደረባችን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ዘይቱን እስከ መጨረሻው ምልክት፣ ማለትም እስከ 8 ኳርት፣ ይሞላዋል፤ ስንመለስ ግን የአውሮፕላኑን ሆድ በዘይት ተለቅልቆ እናገኘዋለን። ሁለተኛው ደግሞ ዘይቱ ጥቂት ሰዓት እንደሠራ ስለሚጠቁር ጥቁረቱን ተከትሎ መቀየር ፍጻሜ የለውም፣ ስለዚህ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ብቻ እንቀይር ባይ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አየሩ ሲከፋ ወይም ሥራ ሲበዛብን አውሮፕላኑ ለሳምንታት የሚቆምበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ወይም ሞተሩን አስነሥቶ ለ10 ደቂቃ ያህል መሬት ላይ ማሠራት ይጠቅማል ሲባል እሰማለሁ። ምን ያህል ዘይት እንያዝ? በስንት ሰዓት እንቀይር? ሲቆምስ ምን እናድርግለት?

ቁልፍና ሽቦ፦

ወንድሜ፣ ከመጠኑ ልጀምር። የዚህ ሞተር የዘይት ቋት 8 ኳርት፣ ማለትም ወደ 7.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የደኅንነት መጠን ደግሞ 2 ኳርት ነው። በ2 ኳርት ለመብረር የሚነሣ አስተዋይ ሰው የለም፤ ቁጥሩ የሚያሳየው ግን በሁለቱ ወሰኖች መካከል ሰፊ መጠባበቂያ መኖሩን ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ጢም ብለው ሲሞሉ የላይኛውን አንድ ኳርት ያህል በመተንፈሻ ቱቦው በኩል ወደ ውጭ ይተፉታል። የባልደረባዎ ዘይት የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ሞተሩ አልበላውም፣ የአውሮፕላኑ ሆድ ተቀባው እንጂ። ስለዚህ እስከ 6 ወይም 6 ኳርት ተኩል ብቻ ሞልታችሁ በረራ በበረራ መዝግቡ፤ ዘይቱ በፍጥነት መቀነሱን ትቶ የሚረጋበትን ከፍታ ታገኛላችሁ። የእናንተ ሞተር መጠን ያ ነው። ለረጅም በረራ ስትነሡ ብቻ አንድ ኳርት መጨመር ተገቢ ይሆናል።

ሞተሩ በእርግጥ ዘይት የሚበላ ከሆነ ምን ያህሉ ይፈቀድለታል ለሚለው ላይኮሚንግ ቀመር አለው፤ 0.006 በፈረስ ጉልበቱ፣ ከዚያ በ4 ተባዝቶ ለ7.4 ይካፈላል። ለ180 የፈረስ ጉልበት ሲሰላ በሰዓት 0.58 ኳርት ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ይሠራል። እኔ ከጣሪያው ይልቅ ለውጡን እከታተላለሁ። ለብዙ ጊዜ በ10 ሰዓት አንድ ኳርት ሲወስድ የነበረ ሞተር በድንገት በ4 ሰዓት አንድ ኳርት መውሰድ ከጀመረ ከጣሪያው በታች መሆኑ አያጽናናኝም፤ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ንባቡም እንዳያሳስታችሁ ተጠንቀቁ፤ ሞተሩ በጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ የተወሰደ ልክ ዘይቱ ገና ወደ ቋቱ ስላልተመለሰ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ፣ ለምሳሌ ከበረራ በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ለኩ።

ስለ ጥቁረቱ ሁለተኛው ባልደረባዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በዛሬ ጊዜ የምንጠቀምባቸው አመድ አልባ አንጣይ ዘይቶች ጥላሸቱንና የእርሳስ ቅሪቱን በውስጣቸው አንጥልጥለው ይይዛሉ፤ የሚጠቁሩትም ለዚህ ነው። ጥቁረት የመቀየሪያ ምልክት አለመሆኑ ትክክል ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል ማለት ግን ልክ አይደለም፤ ዘይቱ የተሸከመው ቆሻሻ የሚወጣው ዘይቱ ሲወጣ ብቻ ነውና። አቭጋዝ 100 ኤልኤል የተባለው የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በተጨማሪም አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ የታችኛ ክፍል ይገባና ከሌሎች የቃጠሎ ቅሪቶች ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል። አምራቹ ሙሉ የዘይት ማጣሪያ ላለው ሞተር 50 ሰዓት፣ የሽቦ ወንፊት ብቻ ላለው 25 ሰዓት፣ ወይም 4 ወር፣ ከእነዚህ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሰዓቱን ያስታውሳል፤ 4 ወሩን ግን ይረሳል። እምብዛም ለማይበር አውሮፕላን ዋናው ቁጥር ወሩ ነው።

ነፋስ ሜዳ፦

በአንድ ነጥብ ላይ መከራከር እፈልጋለሁ። ሞተር አልባ አውሮፕላኖችን እየጎተተ ወደ ሰማይ የሚያወጣ፣ ቀኑን ሙሉ የሚነሣና የሚያርፍ አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ። ዘይቱ በ50 ሰዓት ሲወጣ ንጹሕ ነው፤ የውስጥ ክፍሎቹም የዝገት ምልክት የላቸውም። እንደ እኔ አስተያየት የመቀየሪያ ሰዓቱን ሁሉም ላይ እኩል መጫን ትርጉም የለውም፤ ዘወትር የሚሠራ ሞተር ከቀን መቁጠሪያው ጋር ጉዳይ የለውም።

ቁልፍና ሽቦ፦

ክቡር ነፋስ ሜዳ፣ ከምልከታዎ ጋር አልጋጭም፤ እንዲያውም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። ያ አውሮፕላን 50 ሰዓቱን በጥቂት ሳምንታት ስለሚጨርስ 4 ወሩ መቼም አይደርስበትም። ዘይቱም በየቀኑ በደንብ ስለሚግል ውኃው ተኖ ይወጣል። ጠያቂያችን የገለጹት ሞተር ግን ተቃራኒ ኑሮ የሚኖር ነው፤ ጥቂት ይበርራል፣ ብዙ ይቆማል።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሻገር፤ ከሁሉም በላይ ሞተር የሚገድለው ይህ ነውና። በላይኮሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ የሚገኘው ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ በላይ ነው። ጉብታዎቹና ግፊታቸውን ወደ ቫልቮቹ የሚያስተላልፉት ታፔቶች የሚለሰልሱት በዋነኛነት ሞተሩ ሲሠራ በሚረጨው ዘይት ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብረቱም ከላይ ተራቁቶ ለእርጥበትና ለአሲድ ይጋለጣል። በሚቀጥለው መነሣት የተፈጠረው ቀጭን ዝገት እንደ መፋቂያ ዱቄት ሆኖ ጠንካራውን የገጽ ንብርብር ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ መላላጥ ይጀምራል፣ የሚመለስበትም መንገድ የለም። በብዙዎቹ የኮንቲነንታል ሞተሮች ካምሻፍቱ ከክራንኩ በታች ስለሚቀመጥ በዚህ ረገድ ጥቂት የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ሲሊንደሮቻቸው ግን እኩል ይዝጋሉ።

ፕሮፔለርን በእጅ ማዞር ይህን አያድንም። በዚያ ፍጥነት የዘይት ፓምፑ የሚረባ ዘይት ወደ ላይ አያደርስም፤ የሚሆነው በሲሊንደሩ ግድግዳና በካምሻፍቱ ጉብታዎች ላይ የቀረውን ቀጭን ሽፋን መጥረግ ብቻ ነው። ላይኮሚንግም ለተወሰነ ጊዜ የቆመን ሞተር በእጅ ማዞርን አይመክርም። ከዚህ የሚብሰው አደጋው ነው፤ የማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ) የማጥፊያ ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ ቁልፉ ቢዘጋም ማግኔቶው ሕያው ነው፣ ሞተሩም እጅዎ ፕሮፔለሩ ላይ እያለ ሊነሣ ይችላል። መሬት ላይ ለ10 ደቂቃ ማሠራትም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ቃጠሎው ውኃ ይጨምራል፣ ዘይቱ ግን ውኃውን ለማባረር የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። አምራቹ የሚመክረው ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ74 እስከ 93 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ፣ ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት መብረር ነው። ይህ የማይቻል ከሆነና መቆሙ አስቀድሞ ከታወቀ ሞተሩን በማቆያ ዘይትና በካንዴላዎቹ ቦታ በሚገቡ እርጥበት መጣጭ መሰኪያዎች አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ሦስት ሰዎች ከሆናችሁ በተራ እንድትበሩ ተስማሙ፤ ከየትኛውም የዘይት ምርት ይልቅ ሞተሩን የሚጠቅመው ይህ ስምምነት ነው።

ረጅም ክንፍ፦

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ግራ የሚጋባ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ልጨምር። የእኔ አውሮፕላን ሮታክስ 912 ነው ያለው፤ የእርሱ መመሪያ ደግሞ ዘይት ከመለካቴ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ እንዳዞር ያዝዘኛል። ሁለቱ አይጋጩም?

ቁልፍና ሽቦ፦

አይጋጩም፤ ሞተሮቹ የተለያዩ ናቸው። ሮታክስ 912 ዘይቱን የሚያስቀምጠው ከሞተሩ ውጭ በተለየ ጋን ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲቆም የተወሰነው ዘይት በታችኛው ክፍል ይቀራል፤ ፕሮፔለሩን በመደበኛው የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብለው ሲያዞሩ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የታመቀው አየር ወደ ታች ሾልኮ ዘይቱን ወደ ጋኑ ይገፋዋል። ከጋኑ የመንቦጭቦጭ ድምፅ ሲሰማ ዘይቱ ተመልሷል ማለት ነው፤ የሚለካውም ከዚያ በኋላ ነው። ማቀጣጠያው ጠፍቶ መሆኑን ማረጋገጥ እዚያም ግዴታ ነው። ዓላማው ልክ ለማንበብ ነው እንጂ የቆመን ሞተር ለማለስለስ አይደለም።

ዘይቱም የተለየ ነው። በሮታክሱ ውስጥ አንዱ ዘይት የማርሽ ሳጥኑንም ስለሚያለሰልስ ለዚያ የተዘጋጀ ዓይነት ይፈልጋል። እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ሲጠቀም 100 ሰዓት ይቆያል፤ አቭጋዝ ሲበዛበት ግን ጊዜው ወደ 50 ሰዓትና ከዚያም በታች ያጥራል። የአንዱን ሞተር ልማድ ወደ ሌላው መውሰድ በዚህ መስክ ከማያቸው አሳሳቢ ነገሮች አንዱ ስለሆነ ጥያቄዎን ማንሣትዎ ጥሩ ነው።

ሰማያዊ አድማስ፦

ጋሼ፣ ስለ ሰጡን ሰፊ ማብራሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ዘይቱ ዓይነትስ ምን ይላሉ? ለመኪና የተሠራ ሙሉ ሰው ሠራሽ ዘይት ከሁሉም ይበልጣል የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

ቁልፍና ሽቦ፦

በላይኮሚንግ ወይም በኮንቲነንታል ሞተር ውስጥ የመኪና ዘይት አይገባም። በመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት ማጽጃ ቅመሞች ብረት አዘል ስለሆኑ ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፤ አመዱ በማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ተጋግሮ ሲግል ነዳጁን ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ይህም ፒስተን የሚበሳ ችግር ነው። የአውሮፕላን ዘይት አመድ አልባ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ሰው ሠራሽ ዘይትም በአውሮፕላን ተሞክሯል። ሞቢል ኤቪ 1 የተባለው ዘይት በማለስለስ ረገድ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን የእርሳሱን ቅሪት ይዞ ማቆየት ስላልቻለ በሞተሮቹ ውስጥ ወፍራም ዝቃጭ ተከማቸና በ1990ዎቹ ከገበያ ወጣ። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ከማዕድን ዘይት የተሠሩ ወይም ከፊል ሰው ሠራሽ የሆኑ ናቸው።

በዘይት ጣሳው ላይ 100 የሚለው ቁጥር በተለመደው የዘይት ውፍረት መለኪያ ከኤስ.ኤ.ኢ. 50፣ 80 የሚለው ደግሞ ከኤስ.ኤ.ኢ. 40 ጋር እኩል ነው። የአካባቢው ሙቀት ከ16 ዲግሪ በላይ በሆነበት 100፣ መጠነኛ ቅዝቃዜ ባለበት 80 ይስማማል፤ ወቅቱ የሚለዋወጥ ከሆነ እንደ 15ደብልዩ-50 ወይም 20ደብልዩ-50 ያለው ባለ ብዙ ደረጃ ዘይት ይሻላል። ሙሉ እድሳት ለተደረገለት ሞተር ወይም ለአዲስ ሲሊንደር ግን፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በመጀመሪያ ቅመም የሌለበት የማዕድን ዘይት ተሞልቶ ፍጆታው እስኪረጋ ድረስ በከፍተኛ ኃይል ይበርራል። የፒስተን ቀለበቶቹ ከግድግዳው ጋር የሚዋደዱት በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ የተፈቀደውን ማንኛውንም ምርት መርጣችሁ በእርሱ ጽኑ።

የማለዳ ጸሐይ፦

ዘይቱን መቀየር የሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ የወጣውን መመርመር ነው። ሳይከፈት የተጣለ ማጣሪያ ሲያጋጥመኝ እጅግ አዝናለሁ፤ ሞተሩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ከሁሉም የቀደመ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነውና። ስለዚህ የማደርገውን በዝርዝር ላስፍር።

ዘይቱን የማወርደው ሞተሩ ከበረራ እንደተመለሰ፣ ሞቅ እያለ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሻሻው ተንሳፍፎ ስላለ አብሮ ይወርዳል። ለላቦራቶሪ የምልከውን ናሙና ከመጀመሪያው ፍሰት ሳይሆን ከመካከሉ በንጹሕ ጠርሙስ እቀበላለሁ። ማጣሪያውን ፈትቼ ለዚሁ በተሠራ ክብ መቁረጫ እከፍተዋለሁ። በብረት መጋዝ መክፈት ፈጽሞ አይገባም፤ መጋዙ የሚያራግፈው ብናኝ ከሞተሩ ከመጣው ጋር ስለሚቀላቀል ምርመራው ዋጋ ያጣል። የተጣጠፈውን ወረቀት ቆርጬ በብርሃን ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ከዚያ በንጹሕ ማጠቢያ አጥቤ ዝቃጩን በነጭ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ በመጨረሻም ማግኔት አስጠጋለሁ። በማግኔት የሚነሣ ስስ ቅርፊት ከካምሻፍት፣ ከታፔት ወይም ከሲሊንደር ሊሆን ይችላል። የማይነሣ ነጭ አብረቅራቂ ብዙውን ጊዜ ከፒስተን ወይም ከፒስተን ፒን መሰኪያ የመጣ አሉሚኒየም ነው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ነሐስ መሰል ከሆነ ቡሺንጎችን፣ ማለትም ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ቀለበቶች፣ ያስጠረጥራል። ጥቂት ደቃቅ ቅንጣት በየትኛውም ሞተር ውስጥ ይገኛል። ከቀድሞው የበዛ ከሆነ ወይም በዓይን በግልጽ የሚታዩ ቁርጥራጮች ካሉ ግን ባለሙያ ሳያየው አይበረርም።

የላቦራቶሪውን ውጤት በተመለከተ አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ትርጉም የሚሰጠው ተከታታይ ንባብ ነው፤ ብረትና ሲሊኮን አብረው ከጨመሩ የአየር ማጣሪያው አቧራ እያሳለፈ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ ኒኬል ወይም መዳብ ከጨመረ የቫልቭ መምሪያዎችን አስባለሁ። አንድ ያልተለመደ ከፍታ ሲታይ ሞተር አይፈታም፤ ከ25 ሰዓት በኋላ ዳግም ናሙና ይላካል። ደግሞም መሣሪያው የሚያነበው እጅግ ደቃቅ የሆነውን ብናኝ ብቻ ስለሆነ ትልልቁ ቅርፊት ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ማጣሪያውን ከመክፈት አያሳርፍም።

አዲሱን ማጣሪያ ስገጥም የአሮጌው ጎማ ማኅተም ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣቴ ዳስሼ አረጋግጣለሁ፤ ሁለት ማኅተም ከተደራረበ በረራ ላይ ዘይቱ በሙሉ ሊፈስ ይችላልና። የአዲሱን ማኅተም በማጣሪያው ላይ በታዘዘው ቅባት አለሰልሳለሁ፤ በተለመዱት ማጣሪያዎች ላይ እንደተጻፈው ከ16 እስከ 18 ፉት-ፓውንድ አጥብቄ በማሰሪያ ሽቦ አስረዋለሁ። ከዚያ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ አስነሥቼ ፍሳሽ መኖሩን አያለሁ፤ ማጣሪያው ዘይት ስለሚጠጣም ልኩን እንደገና እወስዳለሁ።

ነፋስ ሜዳ፦

እኅቴ የጻፈችው ሁሉ ትክክል ነው። በበረራ ላይ የሚነበበውም አይዘንጋ። በዚህ ሞተር የዘይት ግፊቱ በመደበኛ በረራ ከ55 እስከ 95 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ደግሞ ቢያንስ 25 መሆን አለበት። ሲነሣ በ30 ሰኮንድ ውስጥ ግፊት ካላሳየ ወዲያው ይጠፋል። በበረራ መካከል ግፊቱ እየወረደ ሙቀቱ ከወጣ ዘይት እየጠፋ ነው፤ ቅርብ ወዳለው ማረፊያ መሄድ ነው እንጂ መጠበቅ አይገባም። የሙቀቱ ጣሪያ 118 ዲግሪ ነው። ከመጠን በታች መሆኑም ችግር ነው፤ በጉዞ ላይ ዘይቱ ወደ 82 ዲግሪ ካልደረሰ ውኃው በውስጡ ይቀራል። ጠቋሚው ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል መለኪያውን አውልቆ ሙቀቱ በታወቀ የጋለ ውኃ ውስጥ መፈተን መልካም ነው።

ሰማያዊ አድማስ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከ6 ኳርት ተኩል በላይ መሙላት ካቆምን ወዲህ የአውሮፕላኑ ሆድ ንጹሕ ሆኗል። ዘይቱንም ቀይረን ማጣሪያውን በተባለው መንገድ ከፈትነው። በማግኔት የማይነሡ፣ ጥቋቁርና ጠርዛቸው ሹል የሆነ ጥቂት ቅንጣቶች አገኘን። አይብረቀረቁም። ብረት ናቸው ብለን እንስጋ?

የማለዳ ጸሐይ፦

አንዱን ቅንጣት በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው በጥፍርዎ ወይም በቢላ ጠርዝ ይጫኑት። ደቅቆ ጥቁር ዱቄት ከሆነ ከጋለ ዘይት የተጋገረ ካርቦን ነው፤ ብዛቱን መዝግበው በሚቀጥለው ለውጥ ማወዳደር ይበቃል። ካልደቀቀና ሲፋቅ ውስጡ ካብረቀረቀ ግን ብረት ነው።

ቁልፍና ሽቦ፦

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከማጣሪያው ሌላ በዘይት ቋቱ ውስጥ የመምጠጫ ወንፊት አለ፤ ብዙ ሰው ማጣሪያውን ቀይሮ እርሱን ይተወዋል። ዘይቱ ወደ ፓምፑ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት እርሱ ስለሆነ ትልልቁ ቁርጥራጭ፣ ካርቦንም ሆነ ብረት፣ አስቀድሞ የሚያዘው እዚያ ነው። እናንተ ካርቦን ካገኛችሁ ወንፊቱን አውጥታችሁ ማየት ይኖርባችኋል። ስትመልሱት አዲስ ማኅተም ተጠቀሙ፣ መሰኪያውንም በማሰሪያ ሽቦ እሰሩ። የአውሮፕላኑ ባለቤት ይህን ሥራ ራሱ መሥራት ይችል እንደሆነ የሚወስነው አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ደንብ ነው፤ በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ ግን የተሠራው ሥራ፣ ቀኑ፣ የሞተሩ ሰዓት፣ ፊርማና የፈቃድ ቁጥር በሞተሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተገኘውን የካርቦን ብዛትም እዚያው አስፍሩት፤ ቀጣዩን ማጣሪያ የሚከፍተው ከሦስታችሁ ሌላው ሊሆን ይችላልና።